ከመካከሉ የተቆረጠ ኪታብ፦ የዋጋ ትመና ጥያቄና የ«አል-ሒስባ» አነባበባችን

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በምግብ ዘይት፣ በሥጋና በመሳሰሉት ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ባወጣበት ሰሞን፣ በአዲስ አበባ ከሚገኙ መስጂዶች በአንዱ ዋናው ኢማም ሳይመቻቸው ሲቀር ኹጥባ የማደርግ ወጣት ኡስታዝ ነበርሁ። በአንዱ ጁሙዓ ስለ ነጋዴዎች ስግብግብነት ተናገርሁ፤ ኢብኑ ተይሚያ (ረሒመሁላህ) «አል-ሒስባ ፊል ኢስላም» በተባለው ኪታባቸው የዋጋ ትመናን በገዢው ላይ ግዴታ እንዳደረጉም ጠቀስሁ። ከሶላት በኋላ በሰፈሩ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ በር ላይ ጠበቁኝ። «ኡስታዝ፣ ያልከው በኪታቡ ካለ አላስተባብልህም። እኔ ግን ዘይቱን ከጣሪያው በላይ ገዝቼ ነው ያስገባሁት። ኪታቡ ስለ እኔ ምን ይላል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የጠቀስሁትን ቃል ያገኘሁት በደረሳነቴ ዘመን ከጻፍሁት ማስታወሻ እንጂ ከኪታቡ አልነበረምና። «አል-ሒስባ»ን ከዳር እስከ ዳር ያነበብሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ያገኘሁትም ሁለት ነገር ነው፤ የተናገርሁት ቃል በእርግጥ በኪታቡ አለ፤ ከእሱ በፊትና በኋላ ያለውን ስናነብ ግን እኔ የሰጠሁትን ትርጉም አይሰጥም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ትችት በኪታቡ ላይ ከመሆኑ በፊት በአነባበባችን ላይ ነው፤ ወደ ኪታቡ ደካማ ጎንም እመለሳለሁ።

መነሻው የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ እንደዘገቡት በመዲና ዋጋ ናረ፤ ሰዎችም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠየቁ። እሳቸው ግን ዋጋን የሚወስነው፣ ሲሳይንም የሚያጠበውና የሚያሰፋው አላህ መሆኑን ገለጹ፤ በደምም ሆነ በገንዘብ ማንም የበደል ክስ ሳያቀርብባቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹም ተናገሩ። በዚህ ሐዲስ ላይ ዛሬ ሁለት ዓይነት አንባቢ ቆሟል። አንደኛው «ኢስላም ነፃ ገበያ ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሁለተኛው ሐዲሱ በአንድ የተለየ ክስተት ላይ የተነገረ ነው ብሎ ያልፈውና ገዢው ባሻው ጊዜ ባሻው ሸቀጥ ላይ ዋጋ እንዲቆርጥ ፈቃድ ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው አንባቢ ስሕተት ለማሳየት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ዋጋ አልተምንም ያሉት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያው ውስጥ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ሸቀጥ ጭነው የሚመጡትን ሰዎች ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል፤ መግዛት ሳይፈልጉ ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ መስቀልን ከልክለዋል፤ የገዙትን እህል ሳይረከቡ መሸጥን ከልክለዋል፤ የከተማ ሰው ለገጠሬው እንዳይሸጥለትም ከልክለዋል። ይህን የመጨረሻውን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሲያብራሩት ደላላ አይሁንለት ማለት ነው ብለዋል። ጤፉን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ገበሬ እህል በረንዳ ሳይደርስ ስንት እጅ እንደሚቀባበለው የሚያውቅ ሰው የእነዚህ ክልከላዎች ክብደት አይጠፋውም። ሁሉም የሚነኩት የገበያውን በርና መንገድ ነው፤ ሻጩ ወደ ገበያው እንዲደርስ፣ ገዢውም እንዳይታለል ያደርጋሉ፤ ዋጋውን ግን አይነኩም።

ወደ ሁለተኛው አንባቢ ልመለስ፤ እኔም ከእሱ ወገን ነበርሁና። ኢብኑ ተይሚያ (661–728 ሒጅራ) ትመናን በሁለት ይከፍላሉ፤ በደል የሆነና የማይፈቀድ፣ ፍትሕ የሆነና የሚፈቀድ ብሎም ግዴታ የሚሆን። ሰዎች በተለመደው መንገድ ያለ በደል እየሸጡ ሳለ ሸቀጡ ስላነሰ ወይም ሕዝቡ ስለበዛ ዋጋ ቢንር ይህ ከአላህ ነው፤ በተወሰነ ዋጋ ሽጡ ብሎ ማስገደድም ያለ አግባብ ማስገደድ ነው። የአነስ ሐዲስ በዚህ ውስጥ ይገባል። ኢብኑ ተይሚያ ሐዲሱ በተለየ ክስተት ላይ የተነገረ መሆኑን ሲያነሡም እንደኛ በጥቅሉ አይደለም፤ የመዲናን ገበያ አሠራር ያስረዳሉ። በዚያ ዘመን እህሉ በአብዛኛው ከውጭ በሚያመጡ ሰዎች ይገባ ነበር፤ በከተማው እያስፈጨና እያስጋገረ የሚሸጥ የታወቀ ባለሙያ አልነበረም፤ ሰው እህል ገዝቶ በቤቱ ይፈጫል፣ በቤቱ ይጋግራል። መሸጥ ግዴታው ሆኖ ሳለ ሸቀጡን የያዘ ሰው በዚያ ክስተት ውስጥ የለም። በማን ላይ ይተመናል?

ታዲያ ግዴታ የሚሆነው መቼ ነው? ሕዝቡ የግድ የሚፈልገውን ነገር ባለቤቱ ከታወቀው ዋጋ በላይ ካልሆነ አልሸጥም ሲል ነው፤ ያን ጊዜ በአቻ ዋጋ፣ በዐረብኛው ቂመቱል ሚስል፣ እንዲሸጥ ይገደዳል። ለዚህ መሠረት የሚያደርጉት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። በጋራ ከተያዘ ባሪያ ላይ ድርሻውን ነፃ ያወጣ ሰው አቅም ካለው ባሪያው ሳይጨመርና ሳይቀነስ በፍትሐዊ ዋጋ ይገመታል፤ የቀሩት ባለድርሻዎችም ገንዘባቸውን በዚያ ግምት ይቀበላሉ። አንድን ሰው ነፃ ለማውጣት ባለድርሻው ያሻውን ዋጋ እንዳይጠይቅ ከተከለከለ፣ የሕዝብ ሁሉ የምግብና የልብስ ችግር ከዚህ የበለጠ ይከብዳል የሚል ነው አመክንዮው። እኔ ይህን ክፍል ከሁሉ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም «ገበያው የወሰነው» ከሚባለው ውጭ ሸሪዓ የሚያውቀው ፍትሐዊ ግምት እንዳለ ያሳያል።

አሁን በማስታወሻዬ ወዳልነበረው ክፍል እመጣለሁ። ኢብኑ ተይሚያ ያለ ምንም ማመንታት ትመና ግዴታ ነው የሚሉት እህልን ወይም ሌላ ሸቀጥን ከታወቁ ሰዎች በቀር ማንም እንዳይሸጥ በተደረገ ጊዜ ነው፤ ሌላው ሰው ቢሸጥ የሚከለከልበት፣ ሕዝቡም ከእነሱ ብቻ እንዲገዛ የሚገደድበት ሁኔታ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች እንዳሻቸው እንዲሸጡ ቢተዉ በደሉ በሁለት በኩል ይሆናል ይላሉ፤ መሸጥ ፈልገው በተከለከሉት ነጋዴዎች ላይና ሌላ ምርጫ ባጡት ገዢዎች ላይ። ልብ እንበል፤ ግዴታውን የወለደው ገበያውን ያጠበበው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገዢው ነው። እኛ በሚንበር ላይ ይህን አንቀጽ ስንጠቅስ ግዴታ የሚለውን ቃል እናነሣና ግዴታውን ያመጣውን ምክንያት እንጥላለን። በዚህም ገዢውን በሚጠይቅ አንቀጽ ነጋዴውን እንከስበታለን።

አንቀጹ የሚናገርለት ነገር በኢብኑ ተይሚያ ዘመን አላቆመም። ከእሳቸው አንድ ክፍለ ዘመን በኋላ የግብፁ ሱልጣን በርስባይ የስኳርንና የቁንዶ በርበሬን ንግድ ለራሱ ጠቀለለ። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብለው ኢብኑ ኸልዱን የገዢው ነጋዴ መሆን ሕዝቡን እንደሚጎዳና ግብሩንም እንደሚያደርቅ በ«ሙቀዲማ» ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውት ነበር፤ ከገዢው ጋር መወዳደር የሚችል ነጋዴ የለምና። በአገራችን ስኳርና ዘይት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ብቻ ይከፋፈል በነበረበት ጊዜ፣ ዋጋው ቢተመን ትመናው በኢብኑ ተይሚያ መስፈርት ትክክል ነበር። ነገር ግን ያው መስፈርት ሸቀጡ ለምን በእነዚያ ሱቆች ብቻ ተወሰነ ብሎ እንድንጠይቅ ያስገድዳል።

የደርግ ዘመን ደግሞ የአንቀጹን ሌላ ፊት ያሳያል። ኢብኑ ተይሚያ በሻጮች መመሳጠር ብቻ አያቆሙም፤ አቡ ሐኒፋና ባልደረቦቻቸው መሬትና ቤት በክፍያ የሚያካፍሉ ባለሙያዎች ተባብረው ዋጋ እንዳያስወድዱ መከልከላቸውን ያነሡና፣ ገዢዎችም ከአቻ ዋጋ በታች ለመግዛት ቢተባበሩ መከልከል ይበልጥ የተገባ ነው ይላሉ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በኮታ እህል እንዲያስገባ ያስገድድ የነበረው ራሱ በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ነበር። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ይሞላ ነበር። የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በ1982 ዓ.ም. ታውጆ ኮታው እስኪቀር ድረስ ይህ ቀጠለ። በዚያ ዘመን የኖሩ ሸይኾች ዛሬም በብዙ መስጂዶች አሉ፤ ስለ ዋጋ ትመና ስናወራ ፊታቸው የሚለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢብኑ ተይሚያን በራሳቸው መዝሀብ ውስጥ የሚቃወሟቸውንም መስማት አለብን። ኢብኑ ቁዳማ (620 ሒጅራ የሞቱ) በ«አል-ሙግኒ» ትመና ራሱ የውድነት ምክንያት እንደሚሆን ያስረዳሉ። ሸቀጥ አምጪዎች ይህን ሲሰሙ በማይፈልጉት ዋጋ ወደሚያስሸጣቸው አገር አይመጡም፤ በእጁ ሸቀጥ ያለውም ይደብቃል፤ የቸገረው ሰው ጥቂቱን ለማግኘት ዋጋ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ሻጩም ገዢውም ይጎዳሉ። በዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ትምህርት ስማር መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሳለው መስመር ከዚህ ብዙም አልራቀም፤ ያን ጊዜ «አል-ሙግኒ»ን ባነብ ኖሮ ግን መስመሩን ቶሎ እረዳው ነበር። በ2003ቱ ጣሪያ የሆነውም ይኸው ነው፤ መደርደሪያዎች ተራቆቱ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ከወራት በኋላም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ።

በብዙ ዘውያዎቻችን የምንቀራው የሻፊዒይ ፊቅህም በዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ ነው። ትመና በውድነት ጊዜ እንኳ ሐራም ነው ይላል። ሆኖም ኢማሙ ከተመነ የጣሰውን ሰው በአደባባይ ስለ ተዳፈረ መቅጣት ይችላል፤ ሽያጩ ግን ትክክል ነው። እንግዲህ ሚንበር ላይ ወጥተን ከጣሪያ በላይ የተሸጠ ዘይት ገንዘቡ ሐራም ነው ስንል ከየትኛው መዝሀብ ነው የምንናገረው? ሐነፊዮች ደግሞ በ«አል-ሂዳያ» እንደሰፈረው የምግብ ባለቤቶች ከልክ በላይ ሲያልፉና ቃዲው የሕዝቡን መብት ከትመና በቀር በሌላ መንገድ መጠበቅ ሲያቅተው፣ ዐዋቂዎችን አማክሮ ቢተምን ችግር የለውም ይላሉ። ከእነሱው የ«አል-ኢኽቲያር» ባለቤት አል-መውሲሊ ግን እኛ ጠይቀን የማናውቀውን ጥያቄ ያነሣሉ። ሻጩ ቅጣት ፈርቶ በተመነው ዋጋ ቢሸጥ ገዢው የወሰደው ሐላል ነውን? እንደ ተገደደ ሰው ስለሚቆጠር አይፈቀድለትም ይላሉ፤ መውጫውም ገዢው «እንደ ወደድህ ሽጥልኝ» ማለቱ ነው። በዚያ ጁሙዓ ፊቴ ተቀምጠው የነበሩት ሁሉ ገዢዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ስለ እነሱ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

በነገራችን ላይ የዑመርና የሓጢብ (ረ.ዐ) ወሬም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። ዑመር ዘቢብ የሚሸጠውን ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓን ገበያውን እንዲለቅ እንዳዘዙ ስንናገር ሰሚው ሓጢብ አስወድዶ ይሸጥ እንደነበረ ይገምታል። በ«ሙወጠእ» ያለው ግን ወይ ዋጋውን እንዲጨምር ወይ ከገበያው እንዲወጣ ማዘዛቸው ነው፤ ሓጢብ ከሌሎቹ አርክሶ ነበር። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ባስተላለፉት ዘገባ ደግሞ ዑመር ራሳቸውን መርምረው ወደ ሓጢብ ቤት ሄዱ፤ ያሉት ትእዛዝም ፍርድም እንዳልሆነ፣ ለከተማው ሰው በጎ በመመኘት የተናገሩት መሆኑን ገልጸው እንደ ፈለገ እንዲሸጥ ነገሩት። ማሊኪዮች ራሳቸው በዚህ ወሬ ትርጉም ተለያይተዋል። እንዲህ ያለውን ወሬ የዋጋ ጣሪያ ማስረጃ ማድረግ ከባድ ነው።

ስለ ክምችትም እንዲሁ። አምጪው ሲሳይ እንደሚሰጠው፣ አከማቺው እንደሚረገም የሚናገረውና በኢብኑ ማጃህ የተዘገበው ሐዲስ በሚንበር ላይ የተለመደ ነው፤ ሰነዱ ግን ደካማ ነው። ከኃጢአተኛ በቀር የሚያከማች እንደሌለ የሚናገረው የመዕመር (ረ.ዐ) ሐዲስ በሙስሊም ስለተዘገበ ይበቃናል። ከዚህም ጋር ሻፊዒዮች ኢሕቲካር የሚሉት በውድነት ጊዜ ምግብ ገዝቶ ይበልጥ ለማስወደድ መያዝን ነው። ከራሱ ማሳ የሰበሰበውን ጤፍ በጎተራ ያቆየ ገበሬ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ እኛ ግን በአንድ ቃል ሁለቱንም እንረግማለን።

አሁን ወደ ሐጂ ጥያቄ። መልሱ በ«አል-ሒስባ» ውስጥ አለ። ኢብኑ ተይሚያ የማሊኪውን ኢብኑ ሐቢብ ንግግር ጠቅሰው የትመናውን አሠራር ያስረዳሉ። ኢማሙ የዚያን ገበያ ታላላቆች ይሰበስባል፤ እውነታቸውን የሚያረጋግጡ ሌሎች ሰዎችም አብረው እንዲገኙ ያደርጋል። መጀመሪያ እንዴት እንደሚገዙ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሸጡ ይጠይቃቸዋል። ለእነሱም ለሕዝቡም የሚበጅ ዋጋ ላይ እስኪስማሙ ያግባባቸዋል እንጂ አያስገድዳቸውም። ምክንያቱም ተነግሯል፤ ትርፍ ሳይተውላቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢተመን ዋጋ ይበላሻል፣ ምግብ ይደበቃል፣ የሰዎች ገንዘብም ይጠፋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በስንት ገዛህ?» ነው። ሐጂን ያን የጠየቃቸው አልነበረም፤ ጣሪያውን ያወጣውም፣ ኹጥባውን ያደረገውም።

ይሁንና ኪታቡ ሁሉን ጨርሷል ማለት አይደለም። አቻ ዋጋ የሚለው መስፈርት የታወቀ ዋጋ መኖሩን ይጠይቃል። ገንዘቡ ራሱ በየሳምንቱ ሲወርድ የታወቀው ዋጋ የቱ ነው? ባለፈው ወር የተገዛበት ነው ወይስ ነገ መተኪያው የሚገዛበት? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በአሮጌው ዋጋ የሸጠ ነጋዴ በገንዘቡ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ አያስገባም፤ ያስወደደውም ሁሉ ስግብግብ አይደለም፤ በአሮጌው ምንዛሬ የገባ ዕቃ ደብቆ የቆየም ሰው በመካከላቸው አለ። እነዚህን ሦስቱን የሚለይ ሚዛን «አል-ሒስባ» ውስጥ በቀጥታ አናገኝም። ኢብኑ ተይሚያ በፈትዋዎቻቸው ገዢው ሕዝቡ የሚገበያይበትን ፉሉስ በፍትሐዊ ዋጋ ሊያወጣ እንደሚገባ ተናግረዋል፤ ይህን ከትመናው ጋር አገናኝተው ግን አልዘረዘሩም።

ይህን ያሟሉት ከአል-ቃሂራ ሙሕተሲቦች አንዱ የነበሩት አል-መቅሪዚ (845 ሒጅራ የሞቱ) ናቸው። በ808 ሒጅራ በጻፉት «ኢጋሰቱል ኡማ» የዘመናቸውን ረኃብና ውድነት ምክንያት ሲዘረዝሩ በጉቦ የሚገኝ ሹመትን፣ የመሬት ኪራይ መናርንና የመዳብ ፉሉስ መብዛትን ያስቀምጣሉ። ገበያውን በየዕለቱ ይቆጣጠር የነበረ ሰው ጣቱን በመጀመሪያ የቀሰረው ወደ ሹመቱና ወደ ገንዘብ ማተሚያው ነው። ከዚህ የሚከተል ሌላም ጥያቄ አለ። የኢብኑ ተይሚያ መፍትሔ በሙሉ የቆመው በአንድ ሐቀኛ ሙሕተሲብ ላይ ነው፤ አል-መቅሪዚ እንደሚነግሩን ደግሞ ያ ሹመት ራሱ ይገዛ ነበር። ሹመቱን በገንዘብ ያገኘ ሰው ገንዘቡን ከገበያው መልሶ ያወጣል። የሒስባን ክፍል ስናቀራ ሁለቱን ኪታቦች አብረን ብናቀራ ደረሳው ቢያንስ ትመናውን ከተማኙ ለይቶ አይመለከትም ብዬ አምናለሁ።

«አል-ሒስባ»ን አንብቤ ስጨርስ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄጄ የኢብኑ ሐቢብን አሠራር ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «በስንት እንደገዛሁ ብነግራቸው ያምኑኛል?» አሉ። ለዚህ ነው ሌሎች ሰዎች አብረው እንዲገኙ የተባለው አልኋቸው። «እነሱንስ የሚመርጣቸው ማነው?» ብለው ሚዛኑ ላይ ወደነበረው ምስር ተመለሱ።